ማንም ያልሳቀበት ዘመን፦ በቤተሰብ አልበም ላይ የቀረበ ጥናት

የቆየ ፎቶግራፍ ያለፈውን ዘመን የዕለት ተዕለት ኑሮ ያሳያል ይባላል። አባባሉ በሰፊው የታመነ በመሆኑ ማንም ሊመረምረው አልተቸገረም። ይህ ጥናት ሊመረምረው ተነሥቷል። ማስረጃው በየሳሎኑ፣ ከቡፌው ታችኛው መሳቢያ፣ ከመብራት ደረሰኝና ከክትባት ካርድ ሥር ስለሚገኝ የጥናቱ ወጪ ከታክሲ ሒሳብ አላለፈም፤ የድጋፍ ገንዘብም ከየትም አልተጠየቀም።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ስለ አዲስ አበባ ሰው ያገኘው ማስረጃ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የቤተሰብ አልበም ብቻ ቢሆን ምን ብሎ ይጽፋል? የከተማው ሕዝብ ምግብ አያበስልም ነበር ይላል፤ ምድጃ የሚባል ነገር የትም ገጽ ላይ የለምና። አልጋ አልነበረውም። ወንበር ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ ስለሚደርስ አባት ይቀመጥበታል፣ የቀረው ዙሪያውን ይቆማል። ስልክ ግን ለሁሉም ደርሷል፤ ወጣቱ ሁሉ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚታየው። ሥራ የሚሠራ ሰው ስለማይታይም ኑሮው በምን ይደጎም እንደነበር ለክርክር ይተወዋል። በመጨረሻም ነዋሪው በጠቅላላ ፏፏቴ አጠገብ ሰፍሮ እንደነበር በእርግጠኝነት ያስቀምጣል።

ቀደም ብለው የተሠሩ ሥራዎችን መቃኘት የጥናት ወግ ስለሆነ እንቃኝ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲስ ክፍሉ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችም መጥተው ነበር። ተራራውን አነሡ፣ የጦሩን ሰፈር አነሡ፣ መኮንኖቻቸውን አነሡ። የማንንም ጓዳ አላነሡም። ከዘመቻው መልስ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን የሰባት ዓመት ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁን፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዕውቅ ፎቶ አንሺ በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. በዋይት ደሴት አንሥታዋለች። እሱም አይስቅም፤ እሱ ግን በቂ ምክንያት ነበረው።

ቆይቶ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁበት። በዚህም ንጉሡ፣ እቴጌይቱ፣ ራሱና ደጃዝማቹ በሚገባ ተመዝግበዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ጄራርድ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ ፎቶግራፎችን አሰባስበው በ1996 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥተዋል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የራሱ የፎቶግራፍ ክምችት አለው። ተራው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከነአልበሙ በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ በየቤቱ ተቀምጠው የነበሩ ፎቶዎችን ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ብለው አሳተሙት። ብዙ ሰው ያን መጽሐፍ ሲገልጥ መጀመሪያ የፈለገው ታሪክ ሳይሆን አክስቱን ነው። ይህ ጥናት እነዚህን ሥራዎች አይደግምም፤ መጽሐፍ ውስጥ ያልገባውን፣ አልበሙ ሲገለጥ የሚደረገውን ነገር ጭምር ይመለከታል።

መረጃው የተሰበሰበው በቡና ላይ ነው። አልበም ያለ ቡና አይገለጥም፣ ቢገለጥም አይተነተንም። አዲስ እንግዳ ሲመጣ እመቤቲቱ «እስቲ አልበሙን አምጪላት» ትላለች፤ ልጅቷ ታመጣለች፤ እንግዳዋ ጭኗ ላይ ታኖራለች። ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት የለም። ቸኩያለሁ ብሎ የተላቀቀ እንግዳ እስከ አሁን አልተመዘገበም። በአቦል ሠርግና ምርቃት ይታያል፣ በቶና ውጭ አገር ያሉት፣ በበረካ የሌሉት። በአንዳንድ ሰፈር በረካ ላይ ሲደረስ መብራት የመሄድ ልማድ ስላለው ስለ ሟቾች ያለን መረጃ የተሟላ አይደለም።

ትንታኔውን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አያት ናቸው። አያት ፎቶ ላይ ያለን ሰው ሲለዩ ፊቱን አያዩም፤ መጀመሪያ የሚያዩት ልብሱን ነው። «ይቺ ኮት የወንድሜ ናት» ይላሉ። ኮቷን የለበሰው ግን ወንድማቸው አይደለም። ታዲያ ማን ነው ሲባሉ «ዘመድ ነው» ይላሉ። «ዘመድ ነው» የሚለው መልስ ከሁለት ነገር አንዱን ያመለክታል፤ ወይ ስሙ ተረስቷል፣ ወይ ተጣልተዋል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ገጹ በሚገለበጥበት ፍጥነት ነው። ዘመኑንም በዓመተ ምሕረት አይናገሩም። «ይሄ ሽሮ ሜዳ ተከራይተን ሳለን ነው»፣ «ያኔ እናትህን እርጉዝ ነበርኩ»፣ «ከዚያ ክፉ ጉንፋን በፊት ነው» ይላሉ። በዚህ አቆጣጠር የተሳሳተ ቀን እስከ አሁን አልተገኘም፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን በርካታ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ማንም አይስቅም።

የተለመደው ማብራሪያ ካሜራው ዘገምተኛ ስለነበር ሰው ፈገግታውን ይዞ መቆየት አይችልም ነበር የሚል ነው። ይህ ፎቶግራፍ ለዓለም በተዋወቀበት በ1839 እ.ኤ.አ. አካባቢ ልክ ነበር፤ ያኔ አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበርና። በ1950ዎቹ ፒያሳ ለነበረ ፎቶ ቤት ግን አይሠራም። ያኔ ካሜራው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ተቀምጧል፤ ሰውየው ግን ከዚያም በኋላ አልሳቀም። ስለዚህ ካሜራው ከክሱ ነፃ ነው።

ይህ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ፎቶ ቤት መቆም ዳኛ ፊት ከመቆም የሚለየው እዚህ ከፍለህ መቆምህ ላይ ብቻ ነው። ጥርስ ለጓደኛ ይታያል። ፎቶው ግን ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የወደፊት አማት ልታየው ትችላለች፣ ቀጣሪ ሊያየው ይችላል፣ ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ ሊያየው ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ፊት ኮስተር ያለው ነው። ፎቶ አንሺውም ቢሆን ፈገግ በሉ አላለም። ያለው «ቀና በል፣ እንዳትነቃነቅ፣ ዓይንህን እንዳትጨፍን» ነው። ሦስቱን ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ የሚፈጽም ሰው የሚኖረው መልክ አልበሙ ላይ ያለው መልክ ነው፤ ሌላ ምርምር አያስፈልግም።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑ አሉ። ሕፃናት ያለቅሳሉ። በሠርግ ፎቶ ላይ ደግሞ ከሚዜዎቹ ጀርባ ብርሌ ይዞ የሚስቅ አንድ አጎት አለ። ይህ አጎት በተለያዩ ቤተሰቦች፣ በተለያዩ ከተሞችና በተለያዩ መንግሥታት ሥር ተገኝቷል። አንድ ሰው ነው ማለት ባይቻልም ጠጁ አንድ ነው።

የፎቶ ቤቱን ጉዳይ ለማየት በብዙ ቤት የሚገኘውን ዓይነት አንድ ፎቶ ጠጋ ብለን እንመልከት። መጠኑ ፖስትካርድ የሚባለው ነው፤ ነጭ ሕዳግ አለው፣ ዙሪያው ጥርስ በጥርስ ተከርክሟል። ሁለት ወጣቶች አሉበት። አንደኛው ተቀምጦ የስልክ መነጋገሪያ ጆሮው ላይ አድርጓል፤ ገመዱ ወርዶ የጠረጴዛው እግር ላይ ተጠምጥሞ ያልቃል። ማንን እያነጋገረ እንደሆነ ባይታወቅም ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ ከግንባሩ ይነበባል። ሁለተኛው ቆሞ ቀኝ እጁን የጓደኛው ትከሻ ላይ ጥሏል፤ ግራ ክንዱን ግን አጥፎ ደረቱ ላይ አድርጎታል፣ ሰዓት አስሯልና። እጅጌውም እስከ ክርኑ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። ሁለቱም የለበሱት ኮት የፎቶ ቤቱ ነው። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የሚንጠለጠሉት እነዚህ ኮቶች ቁጥራቸው ለሁሉም ሰው እንዲሆን ስለተመረጠ ለማንም አይሆኑም። የክራባቱ ቋጠሮ አይፈታም፤ ከአንገት ወደ አንገት እንደታሰረ ይተላለፋል።

ከኋላቸው ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ይወርዳል። ፏፏቴው መሬት አይደርስም። ሸራው ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ያልቅና ከሥሩ የተላላጠ የጭቃ ግድግዳ ይታያል። ወደ ታች እንውረድ። ፎቶ ቤቱ ጫማ አያውስም ነበር። የተቀመጠው በረባሶ ተጫምቷል፤ አንደኛው ማሰሪያ በሽቦ ተጠግኗል። የቆመው ባዶ እግሩን ነው፤ አንዱን እግር ከሌላው ኋላ ለመሸሸግ ሞክሮ ካሜራው ቀድሞታል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ያህል ከወንድሜ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። የማን ማስታወሻ፣ የትኛው ወንድም፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ አይልም።

እንግዲህ የዚህ ጥናት ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ ከጉልበት በላይ ያለው የፎቶ ቤቱ ነው፣ ከጉልበት በታች ያለው የልጆቹ። የዕለት ተዕለት ኑሮ በቆየ ፎቶ ላይ አለ፤ ነገር ግን ተጠርቶ የመጣ አይደለም፣ ሳይታይ ያመለጠ ነው። ፎቶ የሚነሣው ኑሮን ለማሳየት ሳይሆን ለአንድ ቀን ከኑሮ ለማምለጥ ስለነበር፣ ተመራማሪው ዓይኑን ከፊት ወደ እግር፣ ከመሐል ወደ ዳር ማውረድ አለበት። ሙሉ ቁመት ፎቶ ከጉርድ ፎቶ የሚበልጥበት ሳይንሳዊ ምክንያትም ይህ ነው።

ሐሳቡ ከፎቶ ቤት ውጭ በተነሡት ላይም ተፈትኗል። ካሜራ ያለው ሰው ግቢ ድረስ መጣ እንበል። ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ወታደር ቤት ያለ አጎት ነው። ቤተሰቡ ይተራመሳል። ጀሪካኑ ይነሣል፣ ከሰሉ ወደ ጓዳ ይገባል፣ የተሰጣው ልብስ ይለቀማል። ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ይመጣሉ፤ አያት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ውሻው ይባረራል። ከዚያ ሁሉም ግድግዳው ሥር ተሰልፎ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ይቆማል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ገመዱ ላይ አንድ ካልሲ ቀርቷል። የውሻው ጅራት በግራ በኩል አለ። በቀኝ ዳር ደግሞ ያልተጠራ የጎረቤት ልጅ ቆሟል።

ይህ ልጅ ለብቻው መጠናት አለበት። ግማሽ ፊቱ ነው የገባው። ቁምጣው አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል፣ ጉልበቱ ላይ የደረቀ ቁስል አለ፣ አፍንጫው አልተጠረገም። እጁ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይዟል፤ ከሠርግ ኬክ በስተቀር በጠቅላላው አልበም ውስጥ የሚታየው ምግብ ይኸው ቁራሽ ብቻ ነው። ካሜራውን አያይም፤ የሚያየው ሰልፈኞቹን ነው። በዚያ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያ ግቢ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን ሌላ ምስክር የለም። የቤቱ እመቤት ግን እስከ ዛሬ «ይሄ ቀዥቃዣ ልጅ ፎቶውን አበላሸው» ትላለች። በአንዳንድ ቤት ልጁ በመቀስ ተወግዷል፤ በዳቦው በኩል የነበረው ማስረጃም አብሮት ሄዷል።

ስለ መቀስ ከተነሣ አይቀር፣ በመቀስ የሚወገደው የጎረቤት ልጅ ብቻ አይደለም። የቀድሞ እጮኛ፣ የተፋታ ባል፣ በውርስ የተካሰሰ ወንድም ይቆረጣሉ። ቆራጩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል። የተቆረጠው ሰው እጅ ከቀረው ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል። አራት ጣት ነው፤ አንዳንዴ ቀለበት አለው። እንግዳዋ ታየዋለች፣ የቤቱ እመቤትም እንዳየችው ታያለች፣ ሁለቱም ስለ ቡናው ይነጋገራሉ።

አንድ የተለየ ዘመን አለ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ወጡ። የዚያ ዘመን ፎቶዎች ፏፏቴ የላቸውም፣ የተከራየ ኮት የላቸውም፤ ዘማቾቹ ሣር ላይ ተቀምጠው፣ ጢሻ ተደግፈው፣ ተቃቅፈው ይታያሉ። ጥርስም ይታያል። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ያለው ገጽ ግን በብዙ ቤት ባዶ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከሚፈለግ ሰው ጋር በአንድ ፎቶ መታየት ለመጠርጠር ይበቃ ስለነበር፣ ብዙ እናቶች ፎቶዎቹን ሌሊት ምድጃ ውስጥ ከትተዋል። ምድጃና ፎቶ በአንድ ቦታ የተገናኙት ያኔ ነው። ገጹ ላይ አራት አራት የሙጫ ነጥብ ቀርቷል። እዚህ ላይ አያት ማብራሪያ አይሰጡም፤ ጥናቱም አይጠይቅም።

ያው የዘመቻው ዓመት ሌላም ነገር አምጥቷል። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቀበሌ መታወቂያ አመጣ፤ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ጠየቀ። ለሠርጋቸው እንኳ ያልተነሡ አዛውንት ለቀበሌ ተነሡ። ጉርድ ፎቶ በዚህ ጥናት ዘዴ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበትም ዳርም የለውም። የሚኖረው ዕድሜ ግን ከሁሉም ይረዝማል። መጀመሪያ መታወቂያ ላይ ይለጠፋል፣ ትራፊው ቦርሳ ውስጥ ይከርማል፣ ባለቤቱ ሲያርፉ ወደ ፎቶ ቤት ተወስዶ ይጎላና ፍሬም ገብቶ ልቅሶ ላይ ይያዛል። በቀበሌ ጸሐፊ ላይ የተቆጡበት ፊት ነው እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያለቅስበት። አብረው ተነሥተው የማያውቁ ባልና ሚስትም በፎቶ ቤት ጥበብ ከሁለት ጉርድ አንድ ይሆናሉ። ባልየው በ30 ዓመቱ የተነሣው፣ ሚስትየው በ65 ዓመቷ የተነሣችው ብቻ ከተገኘ፣ ግድግዳው ላይ እናትና ልጅ ሆነው ይሰቀላሉ። የፍሬሙ ቦታ ጣሪያው ሥር ነው፤ ወደ ፊት ያዘነብላል። በመስተዋቱና በእንጨቱ መካከል በኋላ የመጡ ጉርዶች እየተሰኩ፣ አባወራው በልጅ ልጆቹ ቀስ በቀስ እስከ አገጩ ይሸፈናል።

ስለ ቀለም ጥቂት እንበል። የአያት ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የእናት ፎቶ ቀይ ነው። የእናት ዘመን ቀይ የሆነው በአብዮቱ ነው ማለት ያጓጓል፤ እውነቱ ግን ኬሚስትሪ ነው። የከለር ፎቶ ከሦስት ቀለሞች ይሠራል፤ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀለም አልበም ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ እንኳ ቀድሞ ይለቃል፣ የቀረው ወደ ቀይ ያዘነብላል። ጥቁርና ነጩን የሠራው ብር የተባለው ማዕድን ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ከመቶ ዓመትም ያልፋል። በዚህም ምክንያት አያት ከልጃቸው ይልቅ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ይህንንም እሳቸው ከድሮ እህል ጋር ያያይዙታል።

ቀን የታተመበት ፎቶ ሲመጣ ክርክሩ ያበቃል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በኋላ ዘመን የመጣው ካሜራ ከታች በስተቀኝ በብርቱካናማ ቁጥር ቀን ይጽፋል። አንድ የሠርግ ፎቶ «98 2 14» ይላል እንበል። ይህ በእኛ የካቲት 7 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ ግን 1998 ዓ.ም. ብለው ያነቡታል። የመጀመሪያ ልጅ በ1991 ስለተወለደ ሠርጉ ከልጁ በሰባት ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው፤ በዚህ የተነሣ የተቀየመች እናት አለች። ደግሞም ባትሪ ሲቀየር ቀኑ ወደ መነሻው ስለሚመለስና ማንም ስለማያስተካክለው፣ በአልበሞቻችን መሠረት ቁጥሩ የበዛ ሕዝብ የተዳረው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ነው።

ከውጭ አገር የመጡትን በፍጥነት እንለፋቸው፤ ሁሉም መኪና የተደገፉ ናቸው። መኪናው የማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም። ከጅዳና ከቤይሩት የሚመጡት ግን የተለዩ ናቸው። ሳሎኑ ሰፊ፣ መጋረጃው ከባድ፣ ሶፋው ወርቃማ ጥልፍ ያለው ነው። ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ ተቀምጣለች። ቤተሰቡ ሶፋውን ያያል። ዳር ዳሩን ማየት የለመደ ሰው ግን ሶፋው አምስት ሰው እንደሚይዝ፣ እሷ ግን ጫፉ ላይ እንደተቀመጠችና እጅጌዋ እስከ ክርኗ እንደተጠቀለለ ያያል።

የጥናቱን ውሱንነት መግለጽ ግዴታ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ስለሚያነሣና ሳያልቅ ማሳጠብ ብክነት ስለነበር፣ የገና፣ የክርስትናና የተዝካር ፎቶዎች በአንድ ፖስታ ይመጡ ነበር። ፊልሙ ሳይጠቀለል ካሜራውን የከፈተ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ጥቅሉ በሙሉ ተቃጥሏል፤ ከእነዚህ ሠርጎች የተረፈ ማስረጃ ትዳሩ ብቻ ነው። ሌላው ችግር ባዶ ፍላሽ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ፊልሙን ለሙሽሮችና ለከፈለው ሰው ይቆጥብ ነበር፤ የቀረው ታዳሚ እንዳይከፋው ፍላሹን ብቻ ያበራለት ነበር። ታዳሚው ቀና ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ቆሞ ሄዷል። ፎቶው መቼ ይደርሰናል እያለ ለዓመታት የጠየቀ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲታይ ይህ ጥናት የተመሠረተው ከተነሡት በከፊል፣ ከታጠቡት በጥቂቱ፣ ካልተቃጠሉት በተረፈው ላይ ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብም ወግ ነው። አያት በሕይወት ሳሉ ፎቶዎቹን አውጥታችሁ ከጀርባቸው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊታቸው ላይ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ያዙ፣ አትጫኑ። የከለሩ ወረቀት ጀርባ ላስቲክ ስለሆነ እርሳስ አይቀበልም፤ ለእሱ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከኋላው አስቀምጡ። የሚጣበቀውን አልበም ተዉት፤ ሙጫው ፎቶውን ይበላዋል፣ ሲላቀቅም ይቀድደዋል። መቀስ ከቤት አርቁ። የጎረቤቱንም ልጅ ስም ጻፉ፤ ከነዳቦው። አያት «ዘመድ ነው» ያሉ እንደሆነም፣ ገጹን ሳይገለብጡት በፊት የማን ዘመድ እንደሆነ ጠይቋቸው።